የግማሽ ጨረቃው ድንጋይ

አባቴ ዓይኑ መድከሙን ሁለት ዓመት ሙሉ ደብቆን በመጨረሻ ያጋለጠችው አንዲት የፕላስቲክ ሴት ናት። ሸሚዝ ልንገዛለት ድሬዳዋ ውስጥ ታይዋን የሚባለው ገበያ ሄደን ነበር። አንድ ልብስ ቤት በር ላይ ድሪያ የሚባለውን ስስ ቀሚስ የለበሰች፣ ሻሽ ያሰረች፣ አንድ እጇን ወገቧ ላይ ያደረገች የልብስ ማሳያ አሻንጉሊት ቆማለች። አባቴ አጠገቧ ሲደርስ ቆም አለና ባርኔጣውን አነሳ። «እንዴት ዋልሽ የኔ እመቤት? ልጆቹስ ደህና ናቸው?» አላት። መልስ ጠበቀ። ወደኔ ዞረና «ምነው፣ ተቀይማኛለች እንዴ?» አለኝ።

ሳቄ ባለሱቁን ከውስጥ አስወጣው። ከዚያ የአባቴን ፊት አየሁና ሳቄን አቋረጥኩ። ሰውዬው እየቀለደ አልነበረም።

ቤት ገብቼ ወደ ኋላ ሳስበው ለካ ተዋናይ ኖሯል። መንገድ ላይ ያገኘውን ሁሉ ቀድሞ ሰላም የሚለው ማን እንደሆነ ከድምፁ ለመለየት ነው፤ ድሬ ደግሞ ሰላምታ የማይጠገብበት ከተማ ስለሆነ ማንም አልጠረጠረውም። ከዚራ ሰፈር ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ ጋዜጣ ይዘረጋል፤ በቂ ጊዜ እየሰጠ ገጹን ይገልጣል፤ ምን አዲስ ነገር አለ ሲሉት «ያው ነው» ይላል። ያው ስለሆነም ተሳስቶ አያውቅም።

ጎረቤታችን ነርስ ናት። በዚያው ቀን ጠራኋት፤ መጣችና የስልኳን መብራት ዓይኑ ላይ አበራች።

«ሞራ ነው፣ ሁለቱም ላይ» አለችኝ። «አሁን ቢነሳ ቀላል ነው፤ ገብቶ በዚያው ቀን ይወጣል። ከቆየ ግን ወላሂ ጭራሽ ሊጨልምበት ይችላል።»

«አቦ ተዪኝ!» አላት አባቴ። «ዓይኔን በቢላ የሚነካ ሰው አልተወለደም።»

አንድ የድሮ የሥራ ባልደረባው ዓይኑን ተቀድዶ ብርሃኑ እንደጠፋ ሰምቷል። የዚያ ሰውዬ ሕመም ሌላ እንደነበር ነርሷም እኔም አስረዳነው። ምን ዋጋ አለው? ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ አባቴ ሞኝ አይደለም እንጂ አያያዙ የሞኝ ነው። ጠዋት ስለ ሐኪም ቤት አነሳለሁ፣ ማታ አነሳለሁ፤ እሱ ስለ ሙቀቱ ያወራኛል። እውነቱን ለመናገር ፈርቼ ነበር። እናቴ ካረፈች በኋላ ቤቱ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነን፤ እኔ ሥራ ስውል እሱ ብቻውን ነው፤ የከዚራን መንገድ በባጃጅ ድምፅ እየገመተ የሚሻገር ሽማግሌ እስከ መቼ በደህና ይሻገራል?

እግዜር ሳይደግስ አይጣላም፤ የኔን ድግስ የላከው ከስሪላንካ ነው።

እኔ የምሠራው ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ካሉት የልብስ ፋብሪካዎች በአንዱ በአስተርጓሚነት ነው። የስፌት ክፍሉ ኃላፊ የስሪላንካ ሰው ነው፤ ቀጭን፣ ጸጥ ያለ፣ ሲቆጣ እንኳ ይቅርታ የሚጠይቅ የሚመስል። ከዚራ ውስጥ ከድሮ የባቡር ዘመን ቤቶች አንዱን ተከራይቷል። አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ስልኩን አውጥቶ የድንጋይ ፎቶ አሳየኝ። በአገሩ የጥንት የቡድሂስት ቤተ መቅደሶች ደረጃ ከመጀመሩ በፊት፣ መሬቱ ላይ የሚተኛ የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያለው ንጣፍ ድንጋይ አለ። ከላዩ ላይ ቅርጾቹ ከፍ ከፍ ብለው ተቀርጸዋል። ከዳር የእሳት ነበልባል ይዞራል፤ ቀጥሎ ዝሆን፣ ፈረስ፣ አንበሳና በሬ ተከታትለው ይሄዳሉ፤ ከነሱ ወደ ውስጥ የሐረግ ቅጠል፤ ከዚያ የዝይ ሰልፍ፤ መሃል ላይ አንድ ትልቅ አበባ።

«እናቴ ልትጠይቀኝ ትመጣለች» አለኝ። «ልጅ ሆኜ እጄን ይዛ በዚህ ላይ ታሻግረኝ ነበር። አሁንም ደረጃ በወጣሁ ቁጥር እግሬ ይፈልገዋል። ይህን የሚቀርጽ ሰው እዚህ ይገኛል?»

አፌ ከኔ ቀደመ። «አባቴ!» አልኩት።

አልዋሸሁም። አባቴ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የምድር ባቡር ወርክሾፕ ሞዴል ሠሪ ነበር። አንድ የባቡር ዕቃ ከናስ ወይም ከብረት ቀልጦ እንዲሠራ ሲፈለግ፣ አባቴ መጀመሪያ ቁርጥ እሱን የሚመስል ዕቃ ከእንጨት ይቀርጻል፤ እንጨቱ እርጥብ አሸዋ ላይ ይታተምና ይነሳል፤ በተወው ጉድጓድ ውስጥ የቀለጠው ይፈስበታል። ከጡረታ በኋላ ደግሞ ዓይኑ እስኪደክም ድረስ ለጎረቤቱ የመቃብር ድንጋይ ይጠርብ ነበር፤ ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም። ሙያው አለ። የጠፋው ዓይኑ ነው። ያንን ለሰውዬው አልነገርኩትም።

ለአባቴ ነገሩን ሳቀርብለት መጀመሪያ የጠየቀኝ «ጣዖት ነው?» ብሎ ነው። ጥያቄውን ለሰውዬው ተረጎምኩለት። ሰውዬው ሳቀና «ጣዖትን ማን ይረግጣል? ይህ እኮ የሚረገጥ ነው» አለ። አባቴን ግን ሌላ ነገር ከነከነው። «ይህን ሁሉ ደክመው ቀርጸው በእግር ሊረግጡት?» አለ ከአንዴም ሦስቴ። የእጅ ሥራ መሬት ሲነጠፍ የሚያመው ሰው ነው።

ፎቶውን ሳሳየው ስልኩን በእጁ መለሰልኝ። «ስልክ ላይ ዓይኔን አላበላሽም፤ አንቺ ንገሪኝ» አለ። እኔም ጊዜው መጣ ብዬ ያዝኩት። «አላየውም በላ! የማያይ ሰው ምን ሊቀርጽ ነው?» አልኩት። ተናደደ። አባቴ ሲናደድ ቁመቱ ይጨምራል።

«ስሚ» አለኝ። «ይህን ድንጋይ ያለ ስህተት ከሠራሁ ስለ ሐኪም ቤት ሁለተኛ አታነሺብኝም። ከተሳሳትኩ በገዛ እግሬ እሄዳለሁ።»

«ማል!»

ማለ። እኔም ማልኩ። ነርሷ መሃላችን ቆማ ምስክር ሆነች። ያን ዕለት በደስታ ነው የተኛሁት፤ ሐኪም ቤቱን ኪሴ የከተትኩት መስሎኝ ነበር።

ሰውዬው ከቤቱ አንድ የእጅ መዳፍ የምታክል የናስ ማስታወሻ አመጣ፤ የዚያው ድንጋይ ትንሽ አምሳያ ናት። አባቴ ተቀበለና አውራ ጣቱን አሳረፈባት። ዓይኑን ጨፈነ። «ነበልባል» አለ። ጣቱ ተራመደ። «ዝሆን። ይሄ ፈረስ ነው። ይሄ...ውሻ ነው?» አንበሳ ነው አልነው። «አንበሳ ከሆነ አሳዝኖኛል» አለ። በወርክሾፑ ዘመን ጥሩ ሞዴል የሚፈተሸው በዓይን አልነበረም አለኝ፤ ዓይን በቀለም ይታለላል፣ አውራ ጣት ግን አይታለልም።

ነጭ የኖራ ድንጋይ ከከተማው ዳር በአይሱዙ መጣና ግቢያችን ካለው የኒም ዛፍ ሥር ተራገፈ። ድንጋዩ የሚገባው በሰውዬው ቤት ደረጃ ግራና ቀኝ ባሉት አጫጭር ግንቦች መሃል ነው። ክፍተቱን ሄጄ በሜትር የለካሁት እኔ ነኝ፤ መቶ ሃያ ሳንቲም። ለአባቴ ነገርኩት። እሱ የወርክሾፑን የብረት ማስመሪያ ከሳጥኑ አወጣ፤ የተቦረቦሩትን መስመሮች በጥፍሩ እየቆጠረ ድንጋዩ ላይ ምልክት አደረገ። ሚስማር መሃል ላይ አቁሞ፣ ሲባጎ አስሮ፣ ግማሽ ክቦቹን አንዱን በአንዱ ውስጥ አሰመረ። መስመሮቹን ከሚገባው በላይ አጥልቆ ነው የጫራቸው። ለምን እንደሆነ ገብቶኛል፤ ለጣቱ ነው። እኔ ስህተቱን ነበር የምጠብቀው።

ሁለት ወር ቀረጸ። ጠዋት ፀሐይ ሳትበረታ፣ ከሰዓት ደግሞ ከተማው ሁሉ ጥላ ፍለጋ ሲገባ። ከሥራ ስመለስ ጸጉሩ ላይ አቧራ ተኝቶበት አገኘዋለሁ። እኔ የሲሎኑን ሰው ጠይቄ የሰማሁትን አወራለታለሁ፤ አባቴ ስሪላንካን በድሮ ስሟ ጠርቶ «የሲሎኑ ሰው» ነው የሚለው፤ ሲሎንን የሚያውቃት በልጅነቱ ካየው የሻይ ቆርቆሮ ነው። ነበልባሉ የሰው ልጅ ምኞት ነው ይላሉ፤ እንስሶቹ መወለድን፣ ማርጀትን፣ መታመምን፣ መሞትን ያሳያሉ ይላሉ። «ያለፍኩበት ነው፣ ቀጥይ» አለኝ። ዝይዋ ደግሞ ክፉን ከደግ ትለያለች፤ ወተትና ውሃ ተቀላቅሎ ቢሰጣት ወተቱን ብቻ መርጣ ትጠጣለች። ይሄን በጣም ወደደው። «ቀፊራ ገበያ ወተት ተራ አንድ ብናቆም ስንቱ ይዘጋ ነበር!» ብሎ ለብቻው ብዙ ሳቀ።

ችግሩ ዝይ አይቶ አያውቅም። እኔም ያየሁት በቴሌቪዥን ነው። «አንገቷ ረዘም ያለ፣ መቀመጫዋ ከበድ ያለ» አልኩት። ነርሷ በሦስተኛው ቀን መጥታ «ኧረ አባባ፣ ይሄ ዶሮ ነው!» አለችው። እሱ ግን አልደነገጠም፤ «የድሬ ዝይ ነው» አላት። ይህን እንደ ስህተት ልቆጥርበት ፈልጌ ነርሷን ባያት፣ ራሷን ነቀነቀች። የውነትም ማንም ዝይ አያውቅም፤ በማን ምስክርነት ልከሰው?

ዝሆኖቹ ግን ሌላ ነበሩ። በወጣትነቱ ባቢሌ በኩል ሲያልፍ አይቷቸው ነበር፤ ትዝ ይሉታል። ቆዳቸው ጉልበት ላይ የሚታጠፍበትን፣ የጆሮአቸውን ጫፍ ሳይቀር ከድንጋዩ አወጣው። አንድ ቀን ከሥራ መጥቼ እነሱን እያየሁ ቆሜ ቀረሁ። ስህተት ልፈልግ ነበር የቆምኩት። አባቴ የቆምኩበትን አቅጣጫ በእግሬ ኮቴ ለይቶ «እህሳ?» አለኝ። «ደህና ነው» አልኩት። ክፉ ልጅ ነኝ። ደህና ብቻ አልነበረም።

ድንጋዩ ተጭኖ ከዚራ የሄደበት ቀን ነው እንግዲህ ጉዱ የወጣው። አራት ሰዎች ተሸክመው ወደ ደረጃው አስጠጉት፤ አልገባም። የአንድ ጣት ስፋት ያህል ሰፍቷል። አዘነበሉት፣ አቀኑት፤ እምቢ አለ። አባቴ ወዲያው ወደኔ ዞረ። «ልኬቱን የሰጠሽኝ አንቺ ነሽ!»

ሜትሬን አውጥቼ ክፍተቱን ለካሁት። መቶ ሃያ። ድንጋዩን ለካሁት። መቶ ሃያ ሁለት ሊሞላ ምንም አልቀረው። አባቴ በገዛ ማስመሪያው ድንጋዩን ለካ፤ መቶ ሃያ፣ ልክ። ሰው ሁሉ ግራ ተጋባ። የሲሎኑ ሰው አንዴ ሜትሩን አንዴ ማስመሪያውን ያያል። አባቴ ግን ማስመሪያውን በሁለት እጁ እንደያዘ ቀስ ብሎ ደረጃው ላይ ተቀመጠ።

«የናሱ ነው» አለ።

ከዚያ አስረዳን። የቀለጠ ናስ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል፤ ስለዚህ የእንጨቱ ሞዴል ከሚፈለገው ዕቃ ትንሽ ከፍ ብሎ መሠራት አለበት። ሞዴል ሠሪ ቁጭ ብሎ ሲያሰላ እንዳይውል፣ ከመጀመሪያው የሰፋ ማስመሪያ ይሰጠዋል፤ መቶ ሳንቲሙ ከእውነተኛው መቶ ሳንቲም የሚበልጥ። እሱ ሳጥን ውስጥ ሁለት ነበሩ፤ እውነተኛውና የናሱ። ድንጋዩን ሁሉ የሠራው በናሱ ነው።

«እና አሁን ምን ይሻላል?» አለ ከተሸካሚዎቹ አንዱ።

«ድንጋዩ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ ነዋ» አለ አባቴ። በሳቅ ፈረስን። የሲሎኑ ሰው ሳይተረጎምለት አብሮን ሳቀ።

ሳቁ በረድ ሲል ነርሷ በክርኗ ጎሸመችኝ። መሐላው! እኔም ቀርቤ «አባባ፣ ተሳሳትክ» አልኩት። እሱም ይህን ሲጠብቅ ነበር። «የዓይን ስህተት አይደለም» አለ ቶሎ ብሎ። «የናሱ ማስመሪያ ጫፉ ቀይ ቀለም ነበረው። ለቅቆ ነው። ቀለሙ ቢኖር አልሳሳትም ነበር። እዪው።» ማስመሪያውን ሰጠኝ።

አየሁት። የጫፉ ቀለም እንደ በርበሬ ቀይ ነው። ከደረጃው ሥር ሆኖ እንኳ ይታያል።

ሁለት ወር የጠበቅኩት ስህተት እጄ ላይ ነው። አንድ ቃል መናገር ብቻ ነበር። ተሸካሚዎቹ ያዩናል፤ የሲሎኑ ሰው ያየናል፤ አባቴ አቧራ በለበሰ ሸሚዙ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ፊቱን ወደ ድምፄ አቅንቶ ይጠብቃል። ቀዩን ጫፍ በመዳፌ ሸፈንኩት።

«አዎ» አልኩ። «ለቅቋል።»

ነርሷ በኋላ አንድ ላይ ስንመለስ ያልተናገረችኝ ነገር የለም። «እጅሽ የገባውን! በገዛ እጅሽ!» አለችኝ። እኔም ራሴን በጥፊ ብለው ደስ ይለኝ ነበር። ለአባቴ ክብር ብዬ የአባቴን ዓይን ሸጥኩት ማለት ነው? ሌሊቱን ሳልተኛ አደርኩ። እሱ በማግስቱ መሮውን ይዞ ሄደና የነበልባሉን ዳር በጣቱ እየዳሰሰ ከግራም ከቀኝም ላጠው፤ ከሰዓት በኋላ ድንጋዩ ቦታው ላይ ቁጭ አለ። ቤት ሲገባ «እንግዲህ ሐኪም ቤት የሚባል ነገር የለም» አለኝ። «የለም» አልኩት። መሐላ መሐላ ነው።

የሲሎኑ ሰው እናት በመጡ በሳምንቱ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሰው ሁሉ ድንጋዩን እንዲያይ ተጠራ። የፋብሪካው ልጆች መጡ፤ የምድር ባቡር ጡረተኞች ከዘራቸውን ይዘው መጡ። እናትየው ነጭ የለበሱ ትንሽዬ ሴት ናቸው። ጫማቸውን አውልቀው ድንጋዩ ላይ ቆሙ፤ ከዚያ ጎንበስ ብለው አንዱን ዝሆን በጣታቸው ነኩና ለልጃቸው በቋንቋቸው ብዙ ነገር ነገሩት። እሱ ለኔ ነገረኝ፤ እኔ ለሰዉ ተረጎምኩ።

«እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ በነዚህ ድንጋዮች ላይ ተራምዳለች። እንስሶቹ ሁሉ ወደ ፊት ብቻ እያዩ ነው የሚሄዱት። ይህ ዝሆን ግን አንገቱን ወደ ኋላ አዙሯል። ለምን ብላ ትጠይቃለች።»

ያን ጊዜ ነው ሁላችንም ልብ ብለን ያየነው። መጨረሻ ላይ ያለው ዝሆን ኩምቢውን አጥፎ ወደ ኋላ ዞሯል። እኔ ስህተት ፍለጋ ስንቴ አይቼው አላስተዋልኩትም።

«ከኋላው ያለው ፈረስ እየመጣ መሆኑን ሊያይ ነዋ» አለ አባቴ። «አብረው አይደል የሚሄዱት?»

ከዚያ በኋላ የዝሆኑ ዓይን የሁሉ ወሬ ሆነ። አንዱ ጡረተኛ «ይሄ እኮ ያያል! ወላሂ እኔን ነው የሚያየኝ» አለ። ሌላው ያዘነ ነው አለ፤ አይ፣ የተቆጣ ነው አለ ሦስተኛው፤ ተከራከሩ። አባቴ መሃላቸው ቆሞ ፊቱን አንዴ ወደዚህ ድምፅ አንዴ ወደዚያ ያዞራል፤ ደስ ብሎታል፤ ግን የሆነ ነገር እየፈለገ ይመስላል። አንዷ የፋብሪካ ልጅ ዝሆኑን በስልኳ አንስታ «አባባ፣ እዩት እንዴት እንዳማረ!» ብላ እጁ ላይ አኖረችለት። አባቴ ስልኩን ወደ ፊቱ አስጠግቶ ረጅም ጊዜ አየው። «ጥሩ ነው» አላት። ከጎኑ ነበርኩ። የስልኩ መብራት ጠፍቶ ጥቁር መስታወት ብቻ ነበር የያዘው።

ፀሐይ ሳትጠልቅ በባጃጅ ተመለስን። መንገድ ላይ ጉልበቴን ነካ አደረገኝ።

«ያ ዝሆን» አለኝ። «የዞረው። ዓይኑ ምን ይመስላል?»

«አንተ አይደለህ የሠራኸው?»

«ሠርቼዋለሁ» አለ። ድምፁን ባለባጃጁ እንዳይሰማ ዝቅ አደረገ። «አላየሁትም። ከሁሉም አንዱን አላየሁትም። ንገሪኝ።»

አፌን ከፈትኩ። ሁለት ወር ሙሉ ፎቶውን፣ ዝይውን፣ አንበሳውን ስነግረው ኖሬያለሁ፤ አሁንም ልነግረው ነበር። እንባዬ ቀደመ። ደግሞም ተናደድኩ፤ በእሱም፣ በራሴም።

«አልነግርህም» አልኩት።

እጁን ከጉልበቴ ላይ አነሳ። ባጃጁ በባቡር ጣቢያው ፊት አለፈ፤ ወደ ሰፈራችን ታጠፈ፤ ሰው ለማሳለፍ ሁለት ቦታ ቆመ። አባቴ ባርኔጣውን አውልቆ ጭኑ ላይ አኖረና በጣቱ ዙሪያውን ይዳስስ ነበር። በራችን ላይ ስንደርስ አልወረደም።

«ሰኞ» አለኝ። «ሐኪም ቤቱ በስንት ሰዓት ነው የሚከፍተው?»